ሚዳቋ ሞተር ባለቤት ሲለውጥ

መተማ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ሐሚድ፣ ገዳሪፍ።

እንደምን ባጅተዋል? ቤተሰብዎ እንደምን አሉ? ያ የሚያስጨንቅዎት ሳልስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን ሰዓዲያ ከሽንኩርት ቅርጫቷ ሥር አውጥታ ሰጠችኝ። የጋላባቱ ዘበኛ ቅርጫቱን ሊበረብር ሲጎነበስ ሽንኩርቱ ዓይኑን አቃጥሎት ተወኝ ብላለች።

የሞተር ብስክሌታችንን ሠሪ፣ የሚዳቋን ኩባንያ፣ ሌላ ሰው ገዛው ያሉትን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ገዢው የልብስ ስፌት መኪና የሚሠራ መሆኑን ስነግረው መልእክተኛው ውባንተ «በሉ እንግዲህ፣ ከሸሕዲ ደብዳቤ ስናመላልስ በዚያው ቀሚስም እንሰፋለን» አለ። ቢስቅም ሐሳብ ይዞታል። የሞተሩ ሰንሰለት አልቋል። የውስጥ ጎማውን ጠግኖ ጠግኖ መጠገኛ ቦታ ስላጣ፣ አሁን የሰሊጥ ገለባ ጠቅጥቆበት ነው የሚሄደው። አዲሶቹ ባለቤቶች የድሮውን ዕቃ አንሠራም ካሉ ሞተሩ የዶሮ መስፈሪያ መሆኑ ነው።

አለነን ጠይቀውኛል። የባሌ ወንድም እንደ ልጅነቱ ነው፤ ይሮጣል። ገለጉ ከገባ ዓመት አለፈው። የሙጫና የጥጥ ነጋዴዎችን መልእክት ከገለጉ ሸሕዲ ያመላልሳል፤ እኔ ዘንድ የሚመጣው በሁለት በሦስት ወር አንድ ጊዜ ነው።

እዚህ የተዉት መጋዘንዎም ደህና ነው፤ አንድ ቆርቆሮ ንፋስ አንሥቶታል እንጂ። ክረምት መሬቱ ማጥ ሲሆን ሞተሮቹን ፈታትተው ይሰቅሉባቸው የነበሩ ገመዶች እስካሁን ከወራጁ ላይ ተንጠልጥለዋል። የፊት ጎማውን ከመሪው ጋር የሚያገናኘውን ባላ በሰሊጥ ዘይት ቀብተው፣ በጆንያ ጠቅልለው፣ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ከየቤታችን የቀደድነውን ጨርቅ ሲያስሩበት ትዝ አለኝ። የውባንተ ሰማያዊ፣ የእኛና የአለነ ቤት ቀይ ነበር። ሰማያዊው አሁንም አለ።

የጠየቁኝን ቁጥር በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ሰዓዲያ ቸኩላለች።

እህትዎ አገኘሽ

---

ገዳሪፍ፣ ጥር ፳፰ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለእህቴ ለአገኘሽ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዓረፋን በደህና አሳለፍን፣ አልሐምዱሊላህ። ሳሉም ለቀቅ አድርጎኛል፤ የላክሽው ማር ነው። ቸኩላለች ያልሻት ሰዓዲያ ግን ደብዳቤሽን ከተቀበለች በኋላ አራት ቀን መተማ ሰንብታ መጣሁ ትላለች። እንግዲህ ከሁለታችሁ ማንን ልመን?

ነገሩን በግልጽ ልጻፍልሽ። ካርቱም ያለው ዋና ወኪል እኛን ትንንሾቹን ሰብስቦ የአዲሱን ባለቤት ቃል አነበበልን። ሚዳቋዋ ከእንግዲህ በቤንዚን ገንዳው ላይ አትሣልም፤ በእሷ ቦታ ኮከብ ይሆናል። ከመተማ ይዤው የመጣሁትን፣ ከሱቄ በር በላይ ያለውን ሰሌዳም አውርድ ተብያለሁ። ዐሥር ዓመት ጠዋት ጠዋት አቧራዋን የጠረግሁላት ሚዳቋ ናት፤ ሆኖም ይሁን። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ወኪል የሸጠው ሞተር ሁሉ የት እንደደረሰ፣ ማን እንደሚነዳውና የባላው ቁጥር ስንት እንደሆነ እስከ ግንቦት መጨረሻ ጽፎ ካላቀረበ ወኪልነቱ ይሻራል። ቁጥሩ ስንጥቅ ካለባቸው ከክፉዎቹ አንዱ ከሆነ አዲሱ ባለቤት ያለ ክፍያ ሌላ ባላ ይልካል። የድሮዎቹ ባለቤቶች «አትንዱ፣ ሌላ እንልካለን» ብለው ጽፈው ዝም እንዳሉት እንዳይመስልሽ። እነዚህ ይልካሉ፤ ለከሰላ ወኪል ሲደርሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

መተማ የሸጥሁት ሦስት ሞተር ነው፤ ለሟቹ ባልሽ ለአዛናው፣ ለአለነና ለውባንተ። የሦስቱን ቁጥር ላኪልኝ። የወደቀበትን የአዛናውን ጭምር፤ ስብርባሪም ቢሆን።

ወንድምሽ ሐሚድ

---

መተማ፣ የካቲት ፲፩ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለአያ ሐሚድ፣

ጾሙ ከገባ አምስት ቀን ሆነ፤ ሙቀቱም አብሮ ገብቷል። ስለ ሰዓዲያ ይቅር ይበሉኝ። የቸኮለችው እሷ አልነበረችም።

ቁጥሮቹን ከሽያጭ ወረቀቶቹ ላይ ገልብጫለሁ። የውባንተ 4190 ነው። የአለነን ወረቀት የማስቀምጠው እኔ ነኝ፤ 4187 ይላል። ሁለቱም ከክፉዎቹ ውጭ ናቸው። ውባንተ ይህን ሲሰማ አዲስ ባላ ስለማያገኝ አዘነ። «ሌላው ሰው ሞተሬ ደህና ሆነ ብሎ ስለት ያስገባል፣ አንተ ታዝናለህ?» አልሁት። «ደህና መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ፣ ግን በነጻ የሚሰጥ ነገር ሲያልፈኝ አልወድም» አለኝ።

የኮከቡን ወሬ ለአለነ ላክሁለት። የመለሰልኝ ቃል አጭር ነው፤ ሚዳቋዬን የሚፍቅ ሰው እጁን ይጠብቅ ይላል።

የአዛናውን ሞተር በሚመለከት፣ የለም። ብረቱን ለቀጥቃጭ ሰጥቻለሁ። አስቀድሜ ባለመንገሬ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እህትዎ አገኘሽ

---

ገዳሪፍ፣ የካቲት ፳፱ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለእህቴ ለአገኘሽ፣

የላክሽልኝን ቁጥሮች ይዤ ካርቱም ደርሼ ተመለስሁ። አልተቀበሉኝም። ቁጥሩ ከወረቀት ሳይሆን ከራሱ ከብረቱ ላይ ካልተነበበ ዋጋ የለውም አሉ። ወረቀት ያስቀመጠ ሁሉ ሞተር አስቀምጧል ማለት አይደለም ነው ነገሩ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ከመብራቱ መያዣ ሥር፣ ቀለሙን ፋቅ ፋቅ አድርገሽ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን እዪልኝ።

አሁን የምጽፈውን ሳትቆጪ አንብቢው። ሰዓዲያ የአዛናው ሞተር ከጎተራሽ ጀርባ ተጋድሞ፣ ዶሮ ታቅፋበት አየሁ ትላለች። ወሬ ልታቀብል ሳይሆን እኔ ጠይቄያት ነው። ለምን እንደ ደበቅሽኝ አላውቅም፤ ግን ደጋግሜ ያሰብሁት አንድ ነገር አለ። በ፲፱፻፳፱ ዓ.ም. ጥቅምት ፳፱ ለአዛናው አንድ ወረቀት ልኬለት ነበር። ከዚያ በኋላ የሰማሁት መርዶውን ነው። ለለቅሶ ስመጣ አንቺን መጠየቅ አልቻልሁም፤ ከዚያም ወዲህ ጊዜው አለፈ ብዬ ተውሁት። ያ ወረቀት ደርሶት ነበር?

ሐሚድ

---

መተማ፣ መጋቢት ፲፫ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለአያ ሐሚድ፣

አልቆጣሁም። መልሱ ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ ስለ ተቆጣሁ አይደለም።

ሰዓዲያ ያየችው እውነት ነው፤ ሞተሩ አለ። ዋሽቼዎታለሁ። የዋሸሁበትን ምክንያት ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም።

እርስዎ ወደ ገዳሪፍ የተሻገሩት በመስቀል ሰሞን ነበር። ሞተሮቹን ከተሰቀሉበት አውርደው፣ በጥድፊያ ገጣጥመው፣ ለስንብት ጠሩን። ያን ዕለት አዛናው በሰው መካከል «አገኘሽ እኮ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም ፊደሉን በጣቷ እየለቀመች ነው የምታነበው» አለ። ሁሉም ሳቀ። እርስዎም ስቀዋል፤ አልተቀየምሁዎትም። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ተቀምጬ ጥጥ እየፈተልሁ፣ ከውስጥ የሕፃናቱን ድምፅ እየሰማሁ ነው። ያስተማረኝ የለም። ጣቴን ካነሣሁ ይጠፋብኛል። አዛናው ደግሞ አንዲት ፊደል አይለይም፤ የሚመጣለትን ሁሉ የማነብለት እኔ ነበርሁ። በዚያች ቀን በልቤ፣ ይቅርታ ካልጠየቀኝ ከእንግዲህ አንድ ቃል አላነብለትም አልሁ።

ወረቀትዎ የመጣው ተኳርፈን ሳለን ነው። በጣቴ ለቀምሁት። ቁጥራቸው ከ4141 እስከ 4168 የሆኑ ባላዎች በውስጣቸው ስንጥቅ አለ፣ ሌላ እስኪመጣ ሞተሩ አይነዳ ይላል። የሽያጩን ወረቀት አወጣሁ። የአዛናው 4152 ነው። አልገባኝም ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ገብቶኛል።

ማታ ሲመጣ «ምን ወረቀት ነው?» አለኝ።

«ዶሮዋ የለቀመችው» አልሁት።

ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። ነገ ራሱ ይጠይቀኛል፣ ያኔ አነብለታለሁ ብዬ ወረቀቱን ከማሽላው ጆንያ ሥር አስገባሁት። እሱ ግን ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ሄደ። ሽንፋ ወንዝ መውረጃው ላይ ወደቀ። ሁለት ቀን እዚያው መንደር ሲያቃስት ቆየ አሉ። አለነ ይዞልኝ የመጣው ሬሳውን ነው።

እንዴት እንደወደቀ ማንንም አልጠየቅሁም። ምን ብዬ እጠይቃለሁ? እኔ አውቀው ነበርና። ያን ቁጥር ከብረቱ ላይ እንዳነብ አያዙኝ።

አገኘሽ

---

ገዳሪፍ፣ መጋቢት ፳፮ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለእህቴ ለአገኘሽ፣

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ሱቄን አልከፈትሁም። የፍርድ ቃል ከእኔ ጠብቀሽ ከሆነ የለኝም። ያን ዕለት መሳቄን አስታውሳለሁ። ደግሞም ሰውየው ማንበብ እንደማይችል እያወቅሁ፣ መጥቼ በአፌ መንገር ሲገባኝ፣ ሱቅ እከፍታለሁ ብዬ ወረቀት ላክሁ። ጥፋቱን ብቻሽን አትሸከሚው፤ ግማሹ የእኔ ነው።

ግን እንዲህ ብዬ አሰብሁ። እኔም አንቺም ባላው ተሰብሮ ነው ብለን ደመደምን እንጂ ብረቱን ያየ ማንም የለም። ስለዚህ እምቢ ያልሽውን ደግሜ እለምንሻለሁ። ለእኔ ወኪልነት ብለሽ አይደለም፤ እሱ ቢቀርም ሽንኩርት እሸጣለሁ፣ ሰዓዲያ ታስተምረኛለች። ለራስሽ ብለሽ እዪው።

እንዲህ ነው የሚደረገው። ባላውን ከላይ እስከ ታች የሰሊጥ ዘይት ቀቢውና ጥቂት ቆይተሽ ድርቅ አድርገሽ ጥረጊው። ከዚያ የላመ የማሽላ ዱቄት ነስንሽበት። በእንጨት መታ መታ አድርጊው። ብረቱ ስንጥቅ ካለው ውስጥ የገባው ዘይት ይወጣና ዱቄቱ ላይ መስመር ይሠራል። ከሌለው ዱቄቱ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ቁጥሩንም ያኔ ታነቢዋለሽ።

ለፋሲካ በሰላም ያድርስሽ።

ሐሚድ

---

መተማ፣ ሚያዝያ ፭ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

አያ ሐሚድ፣

ሰላምታውን ይለፉኝ። በዓሉ እስኪያልፍ ቆይቼ ዛሬ ጠዋት ዶሮዋን አስነሥቼ እንዳሉኝ አደረግሁ። የአዛናው ባላ ጎብጧል እንጂ አልተሰበረም። ዱቄቱ ነጭ ሆኖ ቀረ። ሦስት ጊዜ ደገምሁት፤ ነጭ ነው።

ደስ ሊለኝ ሲል ቁጥሩን ፋቅሁት። 4187 ይላል።

ይህ በወረቀቱ ላይ የአለነ ቁጥር ነው። 4152 ታዲያ የት ሄደ? ቁጭ ብዬ ሳስብ ጨርቁ ትዝ አለኝ። የሁለታችን ቤት ቀይ ጨርቅ አማታችን ለሁለት ምራቶቿ ካካፈለችው ከአንድ ቀሚስ የተቀደደ ነበር። ወንድማማቾች ናቸውና ማንም አላሰበበትም። ሞተሮቹ ሲገጠሙ ባላዎቹ ተለዋውጠዋል፤ የአዛናው ባላ አለነ ሞተር ላይ ነው ያለው። ሁለት ዓመት ተኩል በእሱ ላይ ሲሮጥ ኖሯል።

ሰው ብልክ ስቆ ይመልሰዋል፤ ወረቀት እንዳልጽፍለት፣ አለነም እንደ ወንድሙ አያነብም። ውባንተን ሞተርህን አስነሣ ብየዋለሁ። ከኋላው ተቀምጬ እኔው እሄዳለሁ። ዘይቱንና ዱቄቱን ይዣለሁ። ይህችን ሰዓዲያ እጅ ላይ ትቻት ነው የምነሣው።

አገኘሽ

---

ገዳሪፍ፣ ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለእህቴ ለአገኘሽ፣

ይህ ወረቀት ከአንቺ ቀድሞ ቤትሽ ይደርሳል። ስትመለሺ እንድታገኚው ሰዓዲያ ለጎረቤትሽ ትሰጠዋለች።

ልክ ነሽ። ሁለቱም ቀይ ነበሩ። ጆንያዎቹን አውርጄ ሳይ አንድ ጊዜ ቆም ብዬ ነበር። ከዚያ በማግስቱ እሻገራለሁና ጊዜ አልነበረኝም፤ ወንድማማቾች ናቸው፣ ብረታቸውም ያው ወንድማማች ነው አልሁና እጄ እንዳነሣው ገጠምሁት። ቁጥሩን ለማየት መብራቱን መፍታት ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። እርሳስ ያህል ብሎን።

የአለነን ልጆች ስም እንኳ አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ስንት እንደሆኑ ሰዓዲያን ጠየቅኋት።

ከዚህ ሌላ የምጽፈው የለኝም። አንድ ቃል ብቻ ላኪልኝ።

ሐሚድ

---

መተማ፣ ግንቦት ፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለአያ ሐሚድ፣

ደርሼበታለሁ። አለነ በሕይወት አለ። ያን አንድ ቃል በጊዜው ባለመላኬ ይቅር ይበሉኝ። ዳግም ሞተር ላይ መውጣት አልሆነልኝምና በእግር የሚመጣ መንገደኛ እስኪገኝ ገለጉ ቆየሁ፤ ወረቀትዎን ያነበብሁት ትናንት ስገባ ነው።

አዛናው በሕይወት ሳለ አንድ ቀን ሞተር ላይ ወጥቼ አላውቅም። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሸፍኜ ተቀመጥሁ። ከሸሕዲ ሳንደርስ ውባንተ «እቴ፣ ያዥኝ አልሁ እንጂ አንቀሽ ግደይኝ አላልሁም» አለኝ። ጎማው ውስጥ ያለው ገለባ እየተንኮሻኮሸ አጥንቴን አወለቀው። ሽንፋ ስንደርስ ወርጄ ቁልቁለቱን በእግሬ ሄድሁ። ውባንተም ሞተሩን አጥፍቶ እየገፋ አጠገቤ ወረደ።

ገለጉ የገባነው በሦስተኛው ቀን ነው። አለነ የነጋዴዎቹን ከረጢት አስሮ ሊነሣ ሲል ደረስን። አንተ ሞተር ላይ ያለው ባላ ክፉው ነው ስለው ሳቀብኝ። «ሁለት ዓመት የተሸከመኝ ብረት ዛሬ ምን አስቀየመው? ሰዎቹ ሸሕዲ ይጠብቁኛል፣ ስመለስ ታዩታላችሁ» አለ። ስመለስ የሚለውን ቃል አልወደድሁትም። መከራከር አልችልበትም፣ ያውቁኛል። ሄጄ ከፊት ጎማው ሥር መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ሰው ተሰበሰበ። አለነ አፈረ፤ «እቴ አገኘሽ፣ ተነሺ፣ ሰው ያያል» ይላል። «ይይ» አልሁት። ከረጢቱን ፈታ።

መብራቱን ውባንተ አነሣው። ቁጥሩ 4152 ነው። ዘይቱን ቀባሁ፣ ጠረግሁ፣ ዱቄቱን ነሰነስሁ። ውባንተ በእንጨት መታ መታ አደረገው። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ በግራ በኩል፣ ብረቱ ሁለት እግር ከሚሆንበት ከፍ ብሎ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር መጣ። እያየነው ረዘመ፤ ዞረና ግማሹን ከበበው። አለነ ባላውን ራሱ ፈታ፣ ድንጋይ ላይ አጋደመው፣ በፍልጥ አንድ ጊዜ መታው። እንደ ማሽላ አገዳ ተቆረጠ።

ሚስቱ አየሁሽ ሕፃኑን እንዳዘለች ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ሲቆይ ስታለቅስ ሰማናት።

በማግስቱ አለነን፣ ወንድምህ እንዴት ነው የወደቀው አልሁት። አስተዋለኝ። «ጠይቀሽኝ አታውቂም» አለኝ፤ «የነገሩሽ መስሎኝ ነበር።» የዘላኖች ከብት ወደ ወንዙ ሲወርድ አንድ ጥጃ ከጢሻው ዘሎ ገባበት። አዛናው ጥጃውን ላለመግጨት መሪውን ጠመዘዘ፤ ድንጋዩ ላይ የጣለው ያ ነው። ይህን በሁለቱ ቀን ውስጥ ራሱ ለአለነ ነግሮታል። «ጥጃው ተረፈ?» ብሎም ጠይቆ ነበር አለኝ። ተርፏል።

ያን ጊዜ ነው ወረቀቱን ያወጣሁት። ከማሽላው ጆንያ ሥር ካነሣሁት ወዲህ በመቀነቴ ይዤው ነበር። እንዴት እንደደበቅሁት ለአለነ ነገርሁት። አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ከዚያ «አንብቢልኝ» አለ። ከላይ እስከ ታች በጣቴ እየያዝሁ አነበብሁለት፤ ጣቴን አልደበቅሁም። ሲያልቅ «በጊዜው ብታነቢውም እሱ በሄደ ነበር፤ አታውቂውም እንዴ?» አለኝ። ይህን ያለው ሊያጽናናኝ ይሆናል። አላውቅም። በእጄ አለመሞቱን ግን አውቄያለሁ። ወረቀቱን መደበቄ ያው ነው፤ እሱን ትናንት ማታ ለንስሐ አባቴ ነግሬ ቀኖና ተቀብያለሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሦስቱን ቁጥር አሁን ከብረቱ ላይ አንብቤያለሁ። አዛናው 4187፣ ሞተሩ መተማ፣ የሚነዳው የለም። አለነ 4152፣ ገለጉ፣ ቆሟል። ውባንተ 4190፣ መተማ፣ ይነዳል፤ ዱቄቱ ነጭ ነው። ጊዜው ሳያልፍ ያድርሱልኝ። ስለ ብሎኑም አይጨነቁ፤ የእርስዎ እጅ ወደ ሱቁ ቸኩሎ ነበር፣ የእኔ ደግሞ ወደ ኩርፊያ።

እህትዎ አገኘሽ

---

ገዳሪፍ፣ ግንቦት ፲፯ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለእህቴ ለአገኘሽ፣

ደብዳቤሽን ቆሜ ጀመርሁት፤ «በሕይወት አለ» የሚለው ጋ ስደርስ ተቀመጥሁ። ባለቤቴ መስቱራ ምን ሆንህ ብላ ከጓዳ መጣች። የሚያስቀው፣ እሷም ሰምታ ተቀመጠች።

ካርቱም ቁጥሮቹን ተቀበሉ። ወኪልነቴ ጸንቷል። አዲሱን ሰሌዳ ከኮከቡ ጋር ሰቅያለሁ፤ የድሮዋን ሚዳቋ ግን አልጣልኋትም፣ ከውስጥ ከመደርደሪያው በላይ አድርጌያታለሁ። የድሮዎቹን ባለቤቶች ከልቤ ተቀይሜ ነበር፤ እነዚህን ደግሞ ሚዳቋዬን ወሰዱብኝ ብዬ። አሁን ቁጥር ባይጠይቁን ኖሮ ምን እንሆን ነበር እያልሁ ነው።

የአለነ አዲስ ባላ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መጥቷል፤ ሁለት ሰንሰለትና ሦስት የውስጥ ጎማም አለበት። ውባንተን ገለባውን አውጥቶ ለአህያ ይስጥ በይው። ባላው ላይ ኮከብ ተቀርጿል፣ ይህን ለአለነ አንቺ ንገሪው፤ እኔ እጄን እፈልገዋለሁ።

ክረምቱ እየመጣ ነው። በዚህ ዓመት ማን ፈትቶ ይሰቅላል?

ወንድምሽ ሐሚድ

---

መተማ፣ ሰኔ ፰ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለአያ ሐሚድ፣

የመጀመሪያው ዝናብ ጥሏል። መንገዱ ተዘግቷልና ይህች ዘግይታ ብትደርስ አይቀየሙኝ። ሰዓዲያ በጋላባት በኩል በእግሯ እሻገራለሁ ብላለች።

አለነ መሬቱ ሳይረጥብ ሞተሩን በበሬ አስጎትቶ መጣ። አዲሱን ባላ ገጥሞ ገበያውን አንድ ጊዜ ዞረው። ኮከቡን አይቶ «ከታች ነው ያለው፣ አይታይም» አለ፤ ከእሱ ይህ ብዙ ነው። ሚዳቋዋ ገንዳው ላይ እንዳለች ናት።

ማን ይሰቅላል ያሉትን ሦስታችን ሰቀልን። በእርስዎ መጋዘን፣ በእርስዎ ገመድ። ቆርቆሮውንም ውባንተ መልሶ መትቶታል። የአዛናውንም ሞተር ከጎተራው ጀርባ አወጣሁት፤ ባላውን ዘይት ቀብቼ ጠቀለልሁት። ውባንተ «የማይነዳ ሞተር ይሰቀላል እንዴ?» ሲል አለነ በዓይኑ ዝም አሰኘው።

ጨርቅ ግን አላሰርንም። ሦስት ቁራጭ የከብት ቆዳ ቆርጬ በጋለ ወስፌ ስማቸውን ጻፍሁ። አዛናው። አለነ። ውባንተ። ሁለቱ ይህ ምን ይጠቅመናል፣ አናነብም አሉ። እንግዲያው ተማሩ አልኋቸው፤ ሌላውን ተዉት፣ የየራሳችሁን ስም ብቻ። ዝናቡ እስኪያባራ የሚሄዱበት የላቸውም፤ ተቀመጡ።

አለነ ቶሎ ለየው። ውባንተ ግን አራቱ ፊደላት አስቸገሩት። ጣቱን ቆዳው ላይ አድርጎ፣ አንዱን ከነካ በኋላ አንገቱን ደፋ እያደረገ፣ «ው» ብሎ ቆም፣ «ባ» ብሎ ቆም እያለ ለቀመው። አለነ እኔን አየኝ። ውባንተም ቀና ብሎ «ምነው?» አለ።

«ምንም» አልሁት፤ «ዶሮዬ ትዝ ብላኝ ነው።»

ከዚያ ሳቅ ጀመረኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ ብይዝም አልቆም አለኝ። ቆርቆሮውን ዝናቡ ይደበድበዋል፣ ባላዎቹ ከላይ ተሰቅለዋል፣ እኔ ከሥራቸው ተቀምጬ እስቃለሁ። አዛናው ቢኖር አብሮኝ ይስቅ ነበር።

ለመስቱራ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ማሩን ሰዓዲያ ይዛለች።

እህትዎ አገኘሽ